ለተከራይ የሚሆን ቁልፍ

፩

ጫማው ተጠርጓል።

ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ማሰሪያው ተፈትቶ እንደገና በወግ ታስሮ፣ ከበሩ ውጭ ሳይሆን ከበሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ሰሎሜ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ጫማው ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ጭቃም ነበረበት። አሁን ቦርሳዋን እንደያዘች፣ አንድ እግሯ ሳሎኗ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ ሆኖ ደርቃ ቀርታለች።

ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እሷ ብቻ ናት።

ጫማው ደግሞ የማንም አይደለም።


፪

የማንም ያልሆነ ጫማ አዘገጃጀት፦

ብቻሽን የምትኖሪ ሴት ነሽ እንበል። (ወንድ ከሆንክም አንብበው፤ እህት አታጣም።) ሰልባጅ ተራ ሂጂና የወንድ ጫማ ግዢ። ትልቅ ይሁን፤ ትንሽ እግር ማንንም አያስፈራም። አዲስ እንዳትገዢ፣ አዲስ ጫማ ራሱ ይሰረቃል። ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ ካገኘሽ እሰየው፣ ሰውየው ሥራ ወዳድ ይመስላል። በርሽ ላይ አስቀምጪው። ክረምት ከሆነ ጭቃ ቀቢው፤ በጋ ከሆነ ግድ የለም፣ አቧራው ራሱ ይመጣል። አልፎ አልፎ ቦታውን ቀያይሪለት፤ አለበለዚያ ሰውየው የሞተ ይመስላል። ጎረቤት «ባለቤትሽ ደህና ነው?» ካለሽ፣ «ደህና ነው፣ መስክ ወጥቷል» በይ። ከዚያ ፈጠን ብለሽ ደረጃውን ውረጂ።

ሰሎሜ ይህን ሁሉ አድርጋለች። ጫማው ተጠርጎ ቤት ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ግን የነገራት ሰው የለም።


፫

ስለ ሰሎሜ።

የምትሠራው አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ነው፣ የካሳ ክፍል። ቀኑን ሙሉ የምታነበው ሰው ቤቱ እንዴት እንደተሰረቀ የጻፈውን ነው። በመስኮት ገቡ፣ በጣሪያ ገቡ፣ ሠራተኛዋ ከፈተችላቸው፣ ቴሌቪዥኑን በገዛ ብርድ ልብሴ ጠቅልለው ወሰዱት። ይህን ስታነብ ትውልና ማታ ብቻዋን ቤቷ ትገባለች። እንቅልፍ እንግዲህ ከየት ይምጣ?

ቤቷ አልን እንጂ ቤቷ አይደለም። የተከራየችው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ። ከዚህ በፊት ብዙ ቤት ገብታ ወጥታለች። አንዱ የግቢው በር በጊዜ ይዘጋል ተብላ፣ አንዱ ባለቤቱ ለልጁ ፈልጎት፣ አንዱ ደግሞ እንግዳ አበዛሽ ተብላ። ያበዛችው እንግዳ እህቷ ነበረች። እዚህ ስትገባ ግን ሶፋ ገዛች።* ሶፋ የገዛ ተከራይ እዚህ ልኑር ብሎ ቆርጧል።

ከዚህ ታሪክ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሯን ቆልፋ መተኛት።

* ሶፋው በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ብሎ በገመድ ታስሮ በበረንዳ ነው የገባው። የሚወጣውም በበረንዳ ነው። ሰሎሜ ይህን ማሰብ አትወድም።


፬

ተራኪው በጫማው የጀመረው አንባቢ እንዲደነግጥለት ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ጫማው የመጀመሪያው አይደለም።

ከዚያ በፊት፣ ሲያንጠባጥብ ዓመት ሊሞላው የነበረው የወጥ ቤት ቧንቧ አንድ ቀን ዝም አለ።

ከዚያ ዘግታው የሄደችው መጋረጃ ተከፍቶ ጠበቃት።

ከዚያ በረንዳ ላይ አስጥታው የሄደችው ልብስ፣ ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ፣ ደረቅ ሆኖ አልጋዋ ላይ ተገኘ። ታጥፎ።

ከዚያ የሶፋው ትራስ መሀሉ ጎድጉዶ ተገኘ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን አሳርፎበት የተነሣ ያህል።

ምንም አልጠፋም። እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው። ቢጠፋ የሚደረገውን ታውቃለች፣ እንጀራዋ ነው። አሁን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ምን ትበል? ሌባ ገብቶ ቧንቧ ጠገነልኝ ትበል?

ማታ ማታ የመኝታ ቤቷን በር በወንበር ትደግፋለች። ወንበሩ ላይ ድስት ታስቀምጣለች፣ ቢገፋ ወድቆ እንዲጮህ። ድስቱ ወድቆ አያውቅም። እሷ ግን ይወድቃል እያለች ስትጠብቀው ያነጋታል። መሥሪያ ቤት የሰው መዝገብ ላይ ማዛጋት ጀምራለች፤ አለቃዋ አንድ ሁለቴ በዓይኑ ገርፏታል።


፭

ጫማው በተጠረገ ማግሥት፣ መገናኛ፣ ከፎቅ ላይ ያለች ጠባብ የካሜራ ሱቅ። ሻጩ ያብስራ ይባላል። ጎበዝ ሻጭ ነው፣ ሰው ሳይጠይቀው ይመልሳል።

ያብስራ፦ ምን ልታዘዝ እህቴ? ካሜራ አለ፣ አላርም አለ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ አለ።

ሰሎሜ፦ ቤቱ የኪራይ ነው።

ያብስራ፦ (ፈገግታው ትንሽ ቀነስ እያለ) እሺ።

ሰሎሜ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ያብስራ፦ አላርም። በሩ ሲነካ ብሎኩን በሙሉ ነው የሚቀሰቅሰው።

ሰሎሜ፦ ከተቀሰቀሱ በኋላስ?

ያብስራ፦ ጎረቤት ይመጣላ።

ሰሎሜ፦ ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም።

ያብስራ፦ ለሱ የሚሆን ዕቃ እንኳ የለንም።

ሰሎሜ፦ ያኛውስ?

ያብስራ፦ እሱ ምርጥ ነው። የጣት አሻራ የሚያነብ ቁልፍ። ጣትሽን ታስነኪዋለሽ፣ ይከፈታል። ያልተመዘገበ ጣት ቀኑን ሙሉ ቢነካካው አይከፍትም። የሚጠፋ ቁልፍ የለ፣ የሚቀረጽ ቁልፍ የለ።

ሰሎሜ፦ በሩ ይበሳል?

ያብስራ፦ ትንሽ።

ሰሎሜ፦ ትንሽም አይቻልም።

ያብስራ፦ እንግዲያው የሚቀርሽ አምፖል ነው።

አምፖሉ ካሜራ ነው። የሳሎኑን አምፖል ትፈቺና እሱን ታስሪያለሽ፣ አለቀ። ቁልቁል ያያል፣ ያየውን ስልክሽ ላይ ያሳይሻል።

ያብስራ፦ አንድ ነገር ብቻ። ማብሪያው መጥፋት የለበትም። መብራቱ ከጠፋ ካሜራውም ጠፋ።

ሰሎሜ፦ ብቻዬን ነው የምኖረው። ማን ያጠፋዋል?


፮

ትንሽም ለምን እንደማይቻል።

የኪራይ ውሉ ደላላ ሁሉ ይዞት የሚዞረው የታወቀው ውል ነው። ከሥሩ ግን አከራይዋ ወይዘሮ አስካለ በእስክሪብቶ ያስጨመሩት አንድ መስመር አለ፦ ተከራይ ግድግዳም ሆነ በር አይበሳም፣ ሚስማር አይመታም። በዚህ የተነሣ የሰሎሜ ሥዕሎች እስካሁን መሬት ላይ ቆመው ነው የሚታዩት።

ቢሆንም ከሱቁ ደረጃ ላይ ቆማ ዕድሏን ሞከረች።

ሰሎሜ፦ እትዬ አስካለ፣ እንደምን ዋሉ? ሰሎሜ ነኝ።

አስካለ፦ እንዴት ዋልሽ ልጄ? ቤቱ ደህና ነው?

ሰሎሜ፦ ደህና ነው። አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ባስገጥምስ?

አስካለ፦

ሰሎሜ፦ ሃሎ?

አስካለ፦ አለሁ። ያለው ቁልፍ ምን ሆነ?

ሰሎሜ፦ ምንም አልሆነም። ስጋት ገብቶኝ ነው።

አስካለ፦ እዚያ ምን ስጋት አለ? ዘበኛ አለ፣ ሰዉ ጨዋ ነው። ባለቤትሽስ ምን ይላል?

ሰሎሜ፦ መስክ ወጥቷል።

አስካለ፦ ይሁን። በሩን ግን አትንኪብኝ ልጄ። እሱ በር ስንት ዘመን የጠበቅኩት በር ነው።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሆነ ነገር ሰሎሜን ቆረቆራት። ምን እንደሆነ አልያዝ አላት። ተመልሳ ገብታ አምፖሉን ገዛች።


፯

ካሜራው ያየው፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ ላይ፦

በሩ ተከፈተ።

ነጠላ።

እጅ።

ጨለማ።

ሰሎሜ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ስልኳን ይዛ ዓይኗ ፈጠጠ። መጀመሪያ መብራት ሄደ ብላ አሰበች፤ ማን አያስብም? መልሳ መላልሳ ስታየው ግን መብራት አልሄደም። ከላይ ቁልቁል የሚታይ፣ እስከ ግንባሩ ነጠላ የተከናነበ ሰው ገባ፣ ሳያመነታ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ገብቶ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ካሜራ ማጥፋት የሆነ ሌባ ተራ ሌባ አይደለም። ነጠላም ለብሷል፤ ያ ደግሞ ይባስ።

ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች። ራይድ ጠራች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፣ በሩ ተቆልፎ አገኘችው። ውስጥ ማንም የለም። መብራቱ ጠፍቷል። ጫማው እሷ ሳትነካው በተወችበት ግድግዳ ሥር አለ። የሶፋውን ትራስ በመዳፏ ነካችው።

ይሞቃል።

በሚቀጥለው ጊዜ ማብሪያው ላይ ሰፋ ያለ ፕላስተር ለጥፋ ሄደች። ፕላስተሩ ተልጦ፣ በሥርዓት ተጣጥፎ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ስልኳ ላይ ያለው ያው ነው። በር፣ ነጠላ፣ እጅ፣ ጨለማ። ልትጮህ ምንም አልቀራት። የምትጮኽበት ሰው ስላልነበረ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ደግሞ የሰው ቦታ እንደያዘ ሰው ብድግ አለች።


፰

ካሜራው ያላየውን ተራኪውም አላየም። ስለዚህ ይህ ቁጥር ባዶ ነው።






፱

ከዚያ ያብስራ ሱቅ ውስጥ የማይሸጠውን ነገር ሞከረች።

ፊት ለፊቷ ያለው በር የጋሽ ወንዳፍራሽ ነው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በወተት ቆርቆሮ የተከሏቸውን አበቦች ኮሪደሩ ላይ ደርድረው ጠዋት ጠዋት ውኃ ያጠጣሉ። ሰሎሜ እዚህ ከገባች ጀምሮ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ከማለት አልፋ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ቆም አለች።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ቀን ቀን ቤቴ የሚገባ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ሌላ ሰው? ኧረ ማንም የለ።»

«ሌላ ሲሉ?»

«ከወይዘሮ አስካለ ሌላ ማለቴ ነዋ።»

ሰሎሜ የደረጃውን ብረት ያዘች።

«እሳቸው መች ይቀራሉ? ማክሰኞ ማክሰኞማ አይቀሩም» አሉ፣ ቆርቆሮውን እያዘነበሉ። «ደረጃው ያደክማቸዋል። እዚህ ሲደርሱ ወንበር አወጣላቸዋለሁ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ ይገባሉ። ምነው? ተነጋግራችሁ መስሎኝ።»

መጀመሪያ የተሰማት ነገር እፎይታ ነው። አሮጊት ናቸው፣ ስማቸው ይታወቃል፣ ቢላ አይዙም። ያን ቀን በስልክ የቆረቆራትም አሁን ገባት። ለወይዘሮ አስካለ ባል አለኝ ብላ ነግራቸው አታውቅም። ጫማውን አይተው ነው። ሌላ ቁልፍ ማስቀረታቸውን ግን ነግረዋት አያውቁም።

እፎይታው በሯን ከፍታ እስክትገባ ነው የቆየው። ከዚያ ደሟ ፈላ። ያ የታጠፈው ልብስ ትዝ አላት፤ የውስጥ ልብሷም አብሮ ነበር። ስንት ሌሊት ድስት ስትጠብቅ እንዳነጋች ትዝ አላት። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ድምፅ አታሰማም፣ እንግዳ አታመጣም፣ ሚስማር አልመታችም። እና እንዲህ ሆና የኖረችበት ቤት ሰው እንደፈለገ ገብቶ የሚጋደምበት ነው?

ስልኳን አንሥታ ያብስራ ጋ ደወለች።

«የጣት አሻራውን እፈልገዋለሁ። ማክሰኞ ይገጠምልኝ።»

«በሩ ይበሳል ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ይበሳ።»


፲

ማክሰኞ። ሰሎሜ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣለች። የምትናገረውን አጥንታዋለች። በር ተከፈተ፣ ነጠላ ገባ፣ እጅ ወደ ማብሪያው ተዘረጋ።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። አጠያየቃቸው እሷን ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ አደረጋት።

«እትዬ አስካለ፣ መብራቱን ለምን ያጠፉታል?»

«በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ይሠራል? ቆጣሪሽን ይበላዋል። በመጣሁ ቁጥር በርቶ ነው የማገኘው፤ ትረሺዋለሽ ብዬ...»

እዚህ ላይ ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን የሰሙት መሰለ። የያዟትን ፌስታል ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። አልተቀመጡም።

«አወቅሽብኝ» አሉ።

«በመጣሁ ቁጥር» አለች ሰሎሜ። «ቤቱን አከራይተውኛል እኮ። እኔ እዚህ እንቅልፍ አጥቼ ላብድ ነው። ሰው ይገባል፣ ዕቃዬን ይነካል፣ የውስጥ ልብሴን ሳይቀር ያጣጥፋል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ማታ በሩን በወንበር ደግፌ ነው የምጋደመው። በእርስዎ ምክንያት።»

«ዝናብ ሊመጣብሽ ሆኖ ነው ልብሱን ያስገባሁት።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅዎት። ለምን ይመጣሉ?»

ወይዘሮ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«ለመተኛት ነው የምመጣው» አሉ።

ተራኪው እዚህ አንድ መስመር ባዶ ይተዋል።


«ከልጄ ጋር ነው የምኖረው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ሳሎን ነው የምተኛው። ሁሉም ከተኛ በኋላ እተኛለሁ፣ አንዱም ሳይነሣ እነሣለሁ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቦታ የለም። ይሄ ቤት ዕጣ ሲወጣልኝ የባንኩን ዕዳ ኪራዩ ይክፈለው ብለን አከራየነው። አንድ ቀን አላደርኩበትም። ገና ስትገቢ ቧንቧው ያንጠባጥባል ብለሽ ነግረሽኝ አልነበር? ከርሜ ከርሜ ላስጠግን ብዬ ሰው ይዤ መጣሁ። ሰውየው ሲሄድ ደክሞኝ እዚህ ሶፋሽ ላይ ጋደም አልኩ። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ልጄ። ድምፅ የለ፣ ጠሪ የለ። ከዚያ እግሬ ለመደ።»

«ልትነግሪኝ...» ብላ ሰሎሜ አፏን ያዘች። «ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።»

«ምን ብዬ? ቤቴን አከራይቼሽ ልተኛበት ብዬ? ያውም ባለ ትዳር ሰው ቤት። ባልሽ ቢደርስብኝ ምን ይለኛል እያልኩ ስሳቀቅ ነው የከረምኩት። ጫማውንም ለዚያ ብዬ ጠረግኩለት። ውጭ ጥሎት ይሄዳል፣ ይወሰድበታል ብዬ።»

«ባል የለኝም።»

«ይሄ ጫማስ?»

«ሌባ እንዲፈራ ያስቀመጥኩት ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ጫማውን አዩት። ሰሎሜን አዩ።

«እኔስ ፈርቼው ነበር» አሉ።

የሰሎሜ ሳቅ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። መለሰችው፤ ገና አልበረደላትም። «ዛሬ አዲስ ቁልፍ ይገጠማል» አለች፣ ወለሉን እያየች። «የጣት አሻራ ነው። ጣቱ ያልተመዘገበ ሰው አይገባም። በሩም ይበሳል።»

ወይዘሮ አስካለ ከደረታቸው ውስጥ በመሐረብ የተቋጠረ ቁልፍ አወጡ። ቋጠሮው ጠብቆ ኖሮ በጥርሳቸው ፈቱት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይበሳ» አሉ። «እኔም ብሆን ሰው እየገባብኝ አልተኛም ነበር። ትንፋሼ ይመለስልኝና እሄዳለሁ።»

የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ የሰው ቤት እንደሚቀመጥ ሰው። ሰሎሜ ውኃ ልታመጣላቸው ወጥ ቤት ገባች። ብርጭቆ አጥባ፣ ሞልታ፣ ትንሽ ደግሞ ቧንቧው ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች። ስትመለስ ወይዘሮ አስካለ ወደ ትራሱ ዘንበል ብለዋል። ጫማቸውን አላወለቁም። አፋቸው ገርበብ ብሏል።

ተኝተዋል።


፲፩

ያብስራ የላከው ቁልፍ ገጣሚ መጣ። ሰሎሜ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሶፋውን አሳየችው። ገጣሚው ትከሻውን ሰበቀ፤ መብሻ መሣሪያ በለሆሳስ አይሠራም።

መሣሪያው ጮኸ። የወይዘሮ አስካለ በር ተበሳ። እንጨቱ ዱቄት ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ የጋሽ ወንዳፍራሽ በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ ከታች ፎቅ አንድ ሰው ምንድን ነው እሱ እያለ ተጣራ። ወይዘሮ አስካለ አልሰሙም። አንድ ጊዜ ብቻ ትራሱን ወደ ጉንጫቸው ሳብ አደረጉት።

ሰሎሜ ቆማ ታያቸዋለች። ልትናደድ ትሞክራለች፤ ንዴቱ ይመጣና መንገድ ላይ ይቀራል። ልታዝንላቸው ትሞክራለች፤ ያም ጊዜ ድስቱ ትዝ ይላታል። ሰው በገዛ ቤቷ ውስጥ እንዲህ ድብን ብሎ ሲተኛ አይታ አታውቅም። ቀናችባቸው። በዚያው መሀል አዛጋች፤ መንጋጋዋ እስኪንቋቋ ድረስ።

«ነይ፣ ጣትሽን» አለ ገጣሚው።

አውራ ጣቷን አስነካች። አረንጓዴ መብራት በራ። በሩ ተቆለፈ፣ ተከፈተ፣ ተቆለፈ። ማንም የማይከፍተው በር ኖሯት አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ያለ እሷ ፈቃድ አንድ ሰው አይገባም፤ የዛሬ ማታ እንቅልፍ ካሁኑ ዓይኗ ላይ መጥቷል።

ገጣሚው ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሮ ቆም አለ። ሶፋውን አየ። የወይዘሮ አስካለ አንድ እጅ ከሶፋው ጠርዝ ወርዶ ተንጠልጥሏል፣ መዳፉ ወደ ላይ።


፲፪

ገጣሚው፦ ሌላ የሚመዘገብ ጣት አለ? መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል ካልነካነው መዝገቡን ይዘጋዋል።

ሰሎሜ፦ (የተንጠለጠለውን መዳፍ እያየች) ቆይ፣ አትዝጋው።